የዱባ አበባና የእትዬ ብዙነሽ ጣት

በሸዋ ሮቢት ዱባ ላይ ጣት አይቀሰርም። ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል። ገና ያልጠነከረ የዱባ ፍሬ በጣት ከተጠቆመ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል ይባላል። ስለዚህ ዱባውን ማሳየት የፈለገ ሰው ጣቱን አጥፎ በጭብጡ ይጠቁማል፤ ጠንቃቃ ከሆነ ደግሞ በክርኑ። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ፣ ሁለት ሴቶች አጥር ሥር ቆመው እንደ ዶሮ ክንፍ ክርናቸውን ሲያርገበግቡ ቢያይ የተጣሉ ይመስለዋል። ስለ ዱባ እያወሩ ነው።

እትዬ ብዙነሽ ይህንን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን በክርናቸው ሲጠቁሙ የኖሩ ሴት ናቸው። የዚያን ዕለት ግን ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንኳ ሳያሳርፉ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ራቢዓ ጓሮ ጎራ አሉ፤ ከሰፊዎቹ ቅጠሎች መሀል አንዲት የአውራ ጣት ራስ ታህል የዱባ ፍሬ፣ አበባዋን ገና እንደ ቆብ እንደ ደፋች፣ ብቅ ብላ አዩ። ደስታ ቀደማቸው።

«ኧረ ራቢ፣ ይቺን ተመልከቻት! ምን የመሰለች ናት!» አሉና ጠቋሚ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ቀሰሩባት።

ራቢዓ የምትቀነጥሰውን ጎመን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እትዬ ብዙነሽም ወዲያው ነቅተው ጣታቸውን አጠፉ፤ ግን የተቀሰረ ተቀስሯል። የሳቀችው የራቢዓ ልጅ ኑርሃን ብቻ ነበረች።

ጓሮው የኑርሃን ነበር። መሬቱ የሟቹ አባቷ የአብዱልመጂድ ነው፤ የዱባውን ዘርም እናቷ ናት ከአሊዩ አምባ ስትዳር በመሐረብ ቋጥራ ያመጣችው፤ አተካከሉ ግን የኑርሃን የራሷ ነው። አባቷ የሞተ ጊዜ ትምህርቷን ከአሥራ አንደኛ ክፍል አቋርጣ ቤት ስትገባ ሰፈሩ «ወይኔ፣ ልጅቷ ትምህርት ቀረባት» እያለ ከንፈሩን መጠጠላት። ከንፈር ሲመጠጥላት የማትወደው ኑርሃን «እኔ ነኝ የቀረሁበት» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ በርበሬ የተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ እንኳ አይቀራትም። ምን ከምን ጋር ቢተከል እንደሚስማማ ስልኳ ላይ ካየች በነጋታው አፈር ውስጥ ትሞክረዋለች። የሠራላትን ታቆያለች፤ ያልሠራላትን ትነቅላለች፤ ነቅላ ስታበቃ ደግሞ ያንን ያስተማረውን ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ጓሮዋ ውስጥ ቆማ ትሰድበዋለች።

የሮቢት ሰው ሽንኩርት ሲተክል ሽንኩርት ብቻ ነው፤ መስመሩ ቀጥ፣ ርቀቱ እኩል። «የወታደር ሰፈር» ትለዋለች ኑርሃን። የእሷ ጓሮ ሌላ ነበር። በቆሎው ይቆማል፣ አደንጓሬው በበቆሎው ላይ ይጠመጠማል፣ ለመጠምጠሙ ውለታ መሬቱን ያለማል። ዱባው ከሁለቱም ሥር ቅጠሉን ዘርግቶ ያ የሮቢት ፀሐይ አፈሩን እንዳያገኘው ይጋርዳል። ከፓፓያው ጥላ ሥር ቃሪያ አለ፣ በቲማቲሙ መሀል በሶብላ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ሽንኩርት። ጤና አዳም ብቻ ከሁሉም ተነጥሎ በተሰነጠቀ ባልዲ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከበሶብላ ጋር አይስማማም ብላ ነው። «ሽታው ነው እንጂ ደግ፣ ለጉርብትና አይሆንም» ትላለች።

«ይሄ ጓሮ ነው የጀውሃ መኪና ማቆሚያ?» ይሏት ነበር እትዬ ብዙነሽ። «ሁሉ ተጋፍቶ፣ ሁሉ ተደራርቦ!»

«እነሱ አልተጋፉም እትዬ፤ መሀላቸው ገብተው የሚጋፉት አንቱ ነዎት።»

«ምላስሽ! ቃሪያውንስ ምን ጎን ነው የተከልሽው እንዲህ የፋፋው?»

እንዲህ ነበር የሚነጋገሩት፤ አንድም ቀን ተቀያይመው አያውቁም።

ሳምንቱ ሳይሞላ ያቺ ፍሬ ቢጫ ሆነች፤ ከዚያ ለሰለሰች፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ራቢዓ መሬት ላይ ወድቃ አገኘቻት። ጎኗ የነበረችውም ተከተለቻት።

«አላልኩሽም?» አለች ራቢዓ፣ ሁለቱን የረገፉ ፍሬዎች በመዳፏ ይዛ እንደ ሞተ ጫጩት እያሳየች።

«እማ፣ የወደቀው ዱባ ነው፤ ሰማይ አይደለም።»

«ጣቷን ቀሰረች። ማሻአላህ እንኳ ሳትል ቀሰረች!»

«ክርስቲያን ናቸው'ኮ! ማሻአላህ ቢሉ ደግሞ ‹ዛሬ ምን ነክቷት ነው እንደኛ የምትለው› ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጪ ታድሪ ነበር።»

«እሺ፣ እንደነሱ እንትፍ እንትፍ ትበላ! እሱንስ መቼ አለች?»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ራቢዓ ድንጋይ ታቅፋ ወደ ቅንጭቡ አጥር ሄደች። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ መጀመሪያ በእትዬ ብዙነሽ ጓሮ ያልፋል፤ ከዚያ በአጥሩ ሥር ባለች ቀዳዳ ወደ እነራቢዓ ይሻገራል። የውሃ ተራቸው ሲደርስ እትዬ ብዙነሽ የራሳቸውን አጠጥተው ሲያበቁ «ራቢ፣ ውሃሽን ተቀበዪ!» ብለው ይጣራሉ፤ ራቢዓም «መጣሁ፣ ብዙ!» ትላለች። ኑርሃን ከመወለዷ በፊት ጀምሮ እንዲህ ነው። ራቢዓ ያቺን ቀዳዳ በድንጋይ ደፈነቻት፤ በጭቃ መረገቻት፤ እጇን ታጠበች።

«ዓይን ያረፈበት ውሃ ጓሮዬ አይገባም» አለች።

ቡዳ የሚለውን ቃል ከአፏ አላወጣችም፤ ድንጋዩ አወጣላት። በሚቀጥለው ተራ ውሃው ከአጥሩ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ የእትዬ ብዙነሽን እግር አራሰ። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ምርጉን አዩት፣ ቀና አሉ። ገባቸው። ልጃቸው ትዕግሥት ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ታጭታለች። እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከአጥር ካለፈ ከሙሽራው ዘመዶች ጆሮ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም። ውሃውን ወደ መንገድ መለሱት፣ ገብተው በራቸውን ዘጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ራቢ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ አልተሰማም።

ኑርሃን መጀመሪያ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሁለት አሮጊቶች ናቸው፤ ያኮርፋሉ፣ ይታረቃሉ ብላ ነበር። ከጓሮው አፈር ይልቅ ቀድሞ የደረቀው ግን ቤቱ ሆነ። እናቷና እትዬ ብዙነሽ የሚያርዱት ለየብቻ ነው፤ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ አንድ ድስት አይገባም። በዓል ሲሆን አንዷ የሌላዋን ሥጋ አትቀምስም። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ የሚገናኙት በጓሮ ነው፦ በጎመን፣ በቃሪያ፣ ከሁሉም በላይ በዱባ ወጥ። ለኢድም ለፋሲካም አንድ የዱባ ድስት ለብቻው ይጣዳል፤ እሱ የሁለቱም ነው። ረመዳንና ሁዳዴ ከገጠሙ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ቤቱ አንድ ሆኖ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ዘጠኝ ሰዓት ሲል መብላት እየቻሉ፣ ለእናቷ ሲሉ መግሪብ እስኪያዛን ይቆያሉ። «ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው ያንን ዱባ እየቆረሱ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያማሉ።

ዘንድሮም ሁለቱ ጾሞች ሊገጥሙ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ከአምና የተረፈች አንዲት ዱባ ከራቢዓ አልጋ ሥር ተቀምጣለች። ኑርሃን አንድ ማታ ልታወጣት ስትጎነበስ እናቷ «ተያት» አለች። «ለማን ትሠሪዋለሽ?»

ያን ጊዜ ነው ኑርሃን የፈራችው።

ውሃውን ከመንገድ ማዶ ካለው ቦኖ በጀሪካን ትቀዳ ጀመር። ሸክሙ ትከሻዋን ላጠው። ጓሮው ግን የጀሪካን ውሃ ምን ይበቃዋል? የበቆሎው ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ጅራፍ ሆነ፤ ቃሪያው አበባውን አራገፈ። ዱባው ሥሩ ጥልቅ ነውና ቢጠወልግም ማበቡን አልተወም። ሦስተኛዋም ፍሬ ያዘች፣ ቢጫ ሆነች፣ ረገፈች።

«ይኸው!» አለች ኑርሃን ፍሬዋን እናቷ እግር ሥር ጥላ። «እትዬ ብዙነሽ እግራቸው ከዚህ ጓሮ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ይቺንስ ማን ጠቆማት?»

«ዓይን አጥር አይዘውም» አለች ራቢዓ፤ ግን ድምጿ እንደ በፊቱ አልጠነከረም። ፍሬዋን አንስታ ወደ ደጃፉ ስትሄድ ትከሻዋ ወደቅ ብሎ ነበር።

ኑርሃን ሌሊቱን ስታሰላስል አደረች። እናቷ የምትለው ከንቱ ነው፤ ይህን ታውቃለች። ግን ከንቱነቱን ማወቅ ምክንያቱን ማወቅ አይደለም፤ ይህንንም ለራሷ መደበቅ አልቻለችም። እሷ፣ በዚህ ሁሉ የሰፈር ሰው የምትስቀው፣ ዱባዋ ለምን እንደሚረግፍ አታውቅም። በማግስቱ እናቷ ሱብሂ ስትሰግድ ወጥታ ዱባው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሰማዩ ሲገረጣ አበቦቹ ተከፈቱ፤ እንደ ብርቱካን ቢጫ፣ እንደ ጡሩንባ ሰፊ። ቀጭን አገዳ ላይ የቆሙት ወንዶቹ ናቸው፣ ሥራቸው ላይ ትንሽ ፍሬ ያዘሉት ሴቶቹ። ኑርሃን ይህንን ድሮ ታውቃለች። ጠበቀች። ፀሐይ ወጣች። የባጃጅ ድምፅ ከአስፋልቱ መጣ። አንዲት ዝንብ መጥታ ቅጠል ላይ አረፈች፣ ሄደች። ሙቀቱ ሲበረታ አበቦቹ አንድ በአንድ ይታጠፉ፣ ይጠመዘዙ ጀመር።

ጓሮው ጸጥ ብሎ ነበር። አንዳች ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘላትም። የጎደለው ድምፅ እንደሆነ የገባት ዓይኗ ወደ ቲማቲሙ ሲዞር ነው። ከአንድ ወር በፊት ከዚያ አካባቢ የሚነሳው የንብ ጉምጉምታ ስልክ አላናግር ይላት ነበር። አሁን በቲማቲሞቹ መሀል የቆሙት የበሶብላ ጉቶዎች ናቸው።

በሶብላውን የቆረጠችው ራሷ ናት። እናቷ «ለረመዳን በርበሬው ትንሽ ትንሽ ቁረጪልኝ» ብላት ነበር። በዚህ አገር የበሶብላ ጣዕሙ በአበባው ነው፤ ሲያብብ አናቱ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ከበርበሬ ጋር ይደለዛል። ኑርሃን ግን «አናቱ የተቆረጠ በሶብላ ቅጠሉ ይበዛል» ብላ፣ ይህንን የማያውቁትን ሁሉ ንቃ፣ አንዲት አበባ ሳታስቀር በአንድ ጠዋት አጨደችው። ከዚያ ያንን ሁሉ የበሶብላ ራስ ሰሌን ላይ አስጥታ ለሚያልፈው ሁሉ አሳየች። እትዬ ብዙነሽ ጣታቸውን የቀሰሩት በማግስቱ ነው።

ንቦቹ በሶብላውን ብለው ሲመጡ ነበር ለካ በዚያው የዱባውን አበባ የሚጎበኙት። ከወንዱ ያንን ቢጫ ዱቄት በእግራቸው ይዘው ወደ ሴቷ የሚያሻግሩት እነሱ ነበሩ። ድግሱ ሲነሳ እንግዶቹ ቀሩ። ሴቷ አበባ ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ ተዘጋች። ምናልባት ማዶ ሽንኩርቱ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ይሆን? ኑርሃን ይህንን ሰበብ አነሳችው፣ ገለበጠችው፤ ጥሩ ሰበብ ነበር። ግን መድኃኒቱ አምናም ይረጭ ነበር፣ አምና ዱባው ሞልቶ ነበር። ሰበቡን ጣለችው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ወንዱን አበባ ቀንጥሶ በሴቷ ላይ ቀባ ማድረግ ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ታደርገዋለች፣ ማንም አያይ፣ ማንም አይሰማ። ዱባው ሲይዝ ትስቃለች። እስከዚህ ድረስ አስባ ደስ ሊላት ሲል፣ ዱባውን ያየች እናቷ የምትለው ትዝ አላት፦ «አላልኩሽም? ብዙ እግሯን ስታነሳ ጊዜ ይኸው ያዘ!»

በድብቅ ያፈራችው ዱባ በእትዬ ብዙነሽ ላይ ምስክር ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። ኑርሃን ድንጋዩ ላይ ብዙ ቆየች። ፀሐይዋ አናቷን እስክታቃጥል ድረስ ተቀምጣ በሶብላውን የቆረጠችበትን ቀን ስትራገም ነበር፤ ከዚያ ተነስታ በትልቁ በር ዞራ ወደ ጎረቤት ሄደች።

እትዬ ብዙነሽ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። የቀኝ እጃቸው ጠቋሚ ጣት በጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሏል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ? ድንጋይ አነሳችሁ እንዴ?»

«ድንጋዩስ በቅቶናል። ጣትዎን ምን ነካዎት?»

«ቢላዋ ነው» አሉ እትዬ ብዙነሽ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሱ። ጨርቁ ላይ የደም ምልክት አልነበረም፤ አሮጌ ነጠላ ጥለት ነው፣ በጥንቃቄ የታሰረ። ኑርሃን አይታው ሰፌዱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ይቺኑ ጣት ላውስ ነው የመጣሁት» አለች።

«ቆርጠሽ ልትወስጃት ነው?»

«ከነባለቤቷ። ነገ ማለዳ። እትዬ፣ ዱባውን ያረገፈው የአንቱ ጣት አይደለም፤ የኔ ማጭድ ነው። ዱባ ወንድና ሴት አበባ አለው፤ ወንዱ ሴቷን ካላገኛት...»

«በስመ አብ! በሁዳዴ ዋዜማ የምታወሪው ነገር!»

«የሚያገናኛቸው ንብ ነው! ንቡን የሚጠራውን በሶብላ ደግሞ እኔ አንዲት ሳላስቀር አጨድኩት። ያን ሰሌን ሙሉ አስጥቼ ‹እዩልኝ› ያልኩት፣ ያ ነው።»

እትዬ ብዙነሽ ሰፌዱን አስቀመጡ። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አይዋት፤ በሕይወቷ ሙሉ አንድ ቀን «ተሳሳትኩ» ስትል ሰምተዋት አያውቁም፤ አሁንም ቃሉን አላለችውም።

«እና እኔ ንብ ልሁንልሽ?»

«ማር አይጠበቅብዎትም።»

«ራስሽ ለምን አታደርጊውም? እጅ የለሽም?»

«እኔ አድርጌው ቢይዝ እማ ምን ትላለች? ‹ብዙ ስትቀር ጊዜ ያዘ› ነዋ! አንቱ በዚያችው በጣትዎ ነክተውት፣ እማ ቆማ እያየች ከያዘ ግን ምንም የምትለው አይኖራት።»

ዶሮዋ መጥታ ከሰፌዱ አንድ ሁለት ምስር ለቀመች፣ አላባረሯትም።

«ባይዝስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ኑርሃን፣ እኔ ነክቼው ባይዝስ? አሁን ራቢ በልቧ ነው ያለችው። ያኔ ግን በዓይኗ ልታይ ነው። የትዕግሥት አማቾች ደጄ ሲመጡ፣ ያቺ ዱባ ቀድማቸው አትቆምም?»

ኑርሃን አፏን ከፈተች። ሙቀቱ ከበረታ በእጅ የተነካ አበባም ሊረግፍ እንደሚችል ታውቃለች። መዋሸት ይቻል ነበር፤ አልቻለችም።

«ባይዝ» አለች፣ «ጓሮውን ነቅዬ ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት እተክልበታለሁ። በመስመር። ለጠየቀኝም ሁሉ በሶብላውን ያጨድኩት፣ ዱባውን ያረገፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ገበያ መሀል ቆሜ።»

«የወታደር ሰፈር ልታደርጊው?»

«የወታደር ሰፈር።»

እትዬ ብዙነሽ ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያሉት። «ይሄስ ሞትሽ ነው» አሉ። «እሺ። ግን እናትሽ እንድትቆም።»

በማግስቱ ሱብሂ እንዳበቃ ራቢዓ ከመስገጃዋ ስትነሳ የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ገቡ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«እንዴት አደርሽ ራቢዓ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ራቢ» አላሏትም፤ እሷም «ብዙ» አላለቻቸውም። ኑርሃን በሁለቱ መሀል ገብታ፣ የፈራችውን ነገር ቶሎ ለመገላገል እንደሚጣደፍ ሰው፣ ያለችውን ሁሉ ለእናቷ አንድ በአንድ ደገመችላት፤ በሶብላውን፣ ንቡን፣ ሰሌኑን። ራቢዓ ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም።

«እና ይሄንን ሁሉ ያወቅሽ፣ ስትቆርጪው የት ነበርሽ?» አለች ብቻ።

«እዚሁ። እያወቅኩ ነው የቆረጥኩት» አለች ኑርሃን።

ሦስት ሴት አበቦች ተከፍተው ነበር። ኑርሃን አንዷን በክር አሰረቻት፤ «ይቺን ንብም፣ ሰውም፣ ጣትም አይንካት። ሳትነካ ምን እንደምትሆን እናያለን» አለች። ሁለቱን ለእትዬ ብዙነሽ ተወችላቸው። እትዬ ብዙነሽ ጎንበስ ብለው የጣታቸውን ጨርቅ ፈቱ። ጣቷ ከሥሩ ነጥታ፣ ተጨማዳ ወጣች፤ ቁስል አልነበራትም። ራቢዓ ይህንን አየች። ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች፣ እንደገና መልሳ አየች።

ኑርሃን ወንዱን አበባ ቀንጥሳ ቅጠሎቹን አንስታ ሰጠቻቸው። እትዬ ብዙነሽ ዱቄቱን በጣታቸው ወሰዱ። ከመጀመሪያዋ አበባ ውስጥ ጣታቸውን ሲያስገቡ እንደ ሕፃን ዓይን ኩል የሚኩሉ ያህል ተጠነቀቁ። ከዚያ ሁለተኛዋን። ሲጨርሱ ቢጫ የሆነች ጣታቸውን በአየር ላይ ይዘው የት እንደሚያደርጓት ጠፋቸው።

«ማሻአላህ ልበል እንዴ?» አሉ።

«ያሻሽን በይ» አለች ራቢዓ፤ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። ኑርሃን በሕይወቷ እንደዚያን ሰሞን ምላሷ ታስሮ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ቅጠሎቹን በዱላ ገለጥ አድርጋ ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ጀሪካኗን ታነሳለች። በአጥሩ ማዶ የእትዬ ብዙነሽ እግር አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆም ሲል ትሰማለች። ምን እንደሚያዳምጡ አታውቅም፤ የዱባ ማደግ ድምፅ የለው። ራቢዓ ወደ ጓሮው የምትወጣ አትመስልም ነበር፤ ግን ኑርሃን አንድ ቀን ከቦኖ ስትመለስ የእናቷን የነጠላ ጫማ ዱካ ዱባው ሥር አየች። ሄዶ፣ ቆሞ፣ የተመለሰ ዱካ።

በክር የታሰረችው ፍሬ መጀመሪያ ገረጣች። ከዚያ ቢጫ ሆነች፣ ረገፈች። ሁለቱ ግን አበባቸው ደርቆ ከላያቸው ቢወድቅም እነሱ አረንጓዴ እንደሆኑ ቆዩ። በማግስቱ ቆዩ። በሌላው ቀን ኑርሃን ስታያቸው ወይ ዓይኗ ነው ወይ እነሱ ናቸው፣ ወፈር ብለዋል። ለእናቷ አልነገረቻትም። አፏ ላይ የደረሰውን ሁሉ፣ «ይኸውልሽ!» የሚለውን፣ «አንቺና ጣትሽ!» የሚለውን፣ አንድ በአንድ ዋጠችው። ይህንን ራቢዓ ራሷ ሄዳ ማየት ነበረባት።

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ዋለ። የአስር ሶላት ተሰግዶ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣ ጣርማ በር ላይ ደመና ሲቀመጥ፣ ኑርሃን ከጓሮ ድምፅ ሰማች። ብረት ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ስትወጣ እናቷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ በጾም አፏ እያለከለከች፣ የቀዳዳዋን ምርግ በዶማ እያፈረሰች ነው። ድንጋዩን ፈንቅላ ወደ ጎን ጣለችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና በቅንጭቡ ላይ ጮኸች፦

«ብዙ! ውሃው የት ቀረ?»

ማዶ በር ተከፈተ፤ እግር ወደ አጥሩ ቀረበ።

«የት ቀረ?» አለ የእትዬ ብዙነሽ ድምፅ። «ይህን ሁሉ ቀን ድንጋይ ቆልለሽ ስታበቂ የት ቀረ ትያለሽ?»

«ዛሬ ተራችን አይደለም? ሳትሰጪኝ ልታሳልፊው ነው?»

«ተቀበዪው ታዲያ፣ ምን ታስጮሂኛለሽ!»

ውሃው ገለባና ደረቅ ቅጠል እየገፋ በቀዳዳዋ ወጣ፤ ቦዩን እያረሰ፣ ስንጥቁን እየሞላ ወደ በቆሎው ሄደ። ከኋላው እትዬ ብዙነሽ በበሩ ገቡ። ራቢዓ ከአልጋ ሥር ያወጣቻት የአምናዋ ዱባ ደጃፉ ላይ ተቆርጣ ተቀምጣለች፤ ዘሯ ለብቻው ለማድረቅ ተለይቷል። እትዬ ብዙነሽ አይተዋት አለፉ። ሦስቱም ዱባው ሥር ቆሙ። ሁለቱ ፍሬዎች አሁን ሲኒ ያህላሉ።

«ለትዕግሥት ሠርግ ይደርሳሉ» አለች ራቢዓ። «አንዷ ያንቺ ናት። የትኛዋ ትሁን?»

እትዬ ብዙነሽ ክርናቸውን አነሱ።

«ተይ እንጂ!» አለች ራቢዓ። «ክርንሽን ስታርገበግቢ ቆጥ ላይ የምትወጪ ትመስያለሽ። በጣትሽ አሳዪኝ።»

እትዬ ብዙነሽ ወደ ራቢዓ አዩ። ከዚያ ያቺን ጣት ቀስ ብለው ዘረጓት፣ ቅጠሉ ሥር ወዳለችው፣ ወፈር ወዳለችው። ራቢዓ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ በለሆሳስ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለች። እትዬ ብዙነሽም ለማንኛውም ብለው «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉ። ኑርሃን ሁለቱንም ሰማች። የምትለው ሞልቷት ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውሃው ዞረች።

«ይሄስ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ አሁን ደግሞ ወደ ቲማቲሙ እያመለከቱ። ከበሶብላው ጉቶዎች ጎን ለጎን አዳዲስ ቅርንጫፎች ወጥተው፣ በጫፋቸው ነጫጭ አበባ ጀምረዋል፤ አንዲት ንብ ማደሪያዋን ረስታ አሁንም ትዞራለች። «ለበርበሬዬ ጥቂት ብቀነጥስ...»

«እትዬ!» አለች ኑርሃን ከውሃው ቀና ብላ። «እሱ ላይ ነው ጣት የማይቀሰረው!»

ራቢዓ ሳቀች። ጾም የዋለ ሆዷን ይዛ፣ አጥሩን ተደግፋ ሳቀች። መግሪብ አልደረሰም ነበር፤ ወደ ቤት ገብተው ዱባውን ጣዱና እስኪያዛን ድረስ ማማት ጀመሩ።